የጀልባው ወንበርና የእትዬ አስካለ በርበሬ

ነጭ ነገር ቤት ሲገባ ሰላም በጓሮ በር ይወጣል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ሠርግ ቤት ነጭ በነጭ ለብሶ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወጥ ሲመጣ ወደ ኋላ ይላል፣ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ሲሮጥለት እንደ ውሻ ይፈራዋል፣ ጎረቤቱ በሣቀ ቁጥር ብርጭቆውን ያያል። አመድማ ካፖርት የለበሰው ግን የትም ይቀመጣል፣ ማንንም ያቅፋል፣ ጠግቦ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የአመድማው ወገን ነበርኩ። ሳይቸግረኝ ነው ነጭ ውስጥ የገባሁት።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። መርካቶ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራ ፈንጠር ብላ፣ የወንበር ልብስ የምሰፋባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፣ ዛሬም አለችኝ። የአውቶቡሱ፣ የታክሲው፣ የቡና ቤቱ ወንበር ሁሉ ፎደራው ሲቀደድ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሚስት የለኝም። ለምን የለህም ብላችሁ አትድከሙ፤ የሰፈሩ ሰው ጠይቆ ጠይቆ ሰልችቶት ትቶኛል። የማድረው እዚያው ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ጎጃም ያሉት ወገኖቼ በዓመት አንድ ደብዳቤ ይልኩልኛል፤ ደብዳቤው ጤናዬን በመጠየቅ ይጀምርና ስለ አንዲት የታመመች ላም ተርኮ ያልቃል። በቀን ስንት ሺህ ሰው በደጃፌ ያልፋል መሰላችሁ! አንዱም ግን «ደምሴ፣ ዛሬ ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አይለኝም። እንኳን ፊቴ ሊጠቁር እኔ ራሴ ብጠፋ የሚፈልገኝ ፎደራው ያላለቀለት ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ሰው ሲቀር። እሷም እትዬ አስካለ ናት።

እትዬ አስካለ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ትሸጣለች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆቿን ድራ ጨርሳለች፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። አንድ ቀን የቤቷን ወንበር ትራስ ልታሰፋ መጣች። ምሳ ሰዓት ነበርና ሥራው እስኪያልቅ ቋጥራ የያዘችውን ምሳ ፈታ «ና ብላ» አለችኝ። በማግስቱም ቋጥራ መጣች። እንዲህ እንዲህ ሲል ስምንት ዓመት ሞላው። ሰው ምን ሊል እንደሚችል አስቡት፤ ደግሞም ብሏል። እግዜር ምስክሬ ነው፣ በመካከላችን ከሽሮና ከወሬ በቀር የተቀመጠ ነገር አልነበረም። እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ፣ እሷም ደምሴ እያለች አንተ ትለኛለች። ስትገባ ከመርፌዬ ብድግ ብዬ «ኖር!» እላለሁ፣ «በእግዜር!» ትልና አግዳሚዬ ላይ ትቀመጣለች። ስትሄድ የተቀመጠችበት ላይ ቀላ ያለ የበርበሬ ብናኝ ይቀራል። በመዳፌ ጠረግ አደርግና ሁለቴ አስነጥሼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን የአንድ ፊታውራሪ ሾፌር አራት የወንበር አጥንትና አንድ ጥቅል ነጭ የፕላስቲክ ቆዳ ተሸክሞ መጣ። ጌታዬ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ሞተር ያለው ጀልባ ገዝተዋል፣ ወንበሩ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይሰፋ ብለዋል፣ አንዲት እድፍ ብታርፍበት ግን እኔንም አንተንም አይምሩንም አለኝ። ሰው በጭቃ አገር ተቀምጦ ስለምን ነጭ ወንበር ያምረዋል? አልጠየቅሁም። ጌቶች ሲያምራቸው የእኛ ድርሻ መስፋት ነው።

ሰፋሁት። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያማረ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልለፈለፍኩላችሁ። እኔ ግን ከተፈለገው በላይ ልጠነቀቅ ተነሣሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ውሃም ይገባዋል፣ እድፍም ይይዘዋል፣ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል ይል ነበር። ሐይቅ ላይ ውሃም ፀሐይም አለ። ስለዚህ ለጋ ቅቤ ገዛሁና አራቱንም ወንበር እንደ ሙሽራ ቀባኋቸው። የአባቴ ኮርቻ ቢሆን ሌሊቱን ጠጥቶት ያድር ነበር። ላስቲክ ለካ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው! ጠዋት ሳየው ቅቤው እንደተቀባ ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ዝንቡም ዙሪያውን ከቦታል። በጨርቅ ወለወልኩት፤ አልለቅ አለ። በቃ፣ ይህ ነው ጥበቃው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያን ዕለት ሰኞ ነው። ሾፌሩ ሥራውን ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ጀልባው ገና ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ቅዳሜ እወስደዋለሁ እያለኝ ነው። ሁለት የታክሲ ነጂዎችም ፎደራ ሊመርጡ ቆመዋል። አግዳሚዬ ላይ ደግሞ የጨርቅ ጥቅል ከምሬበታለሁ። እትዬ አስካለ ከወፍጮ ቤት መጣች፤ በርበሬ አስፈጭታ ኖሮ ከራስ ፀጉሯ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ቀልታለች። ምሳዋን ይዛ፣ ደክሟት፣ «ኡፍፍ» ብላ አግዳሚው ላይ ቦታ ስታጣ በቅርብ ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የፊታውራሪው ነጭ ወንበር ላይ። ቅቤው ላይ።

ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? ብደብቃችሁ ደስ ይለኝ ነበር። «ተነሺ! ኧረ በማርያም ተነሺ! አንቺ ሴትዮ፣ እድፍሽን ይዘሽ ሂጂልኝ!» አልኳት። ስምንት ዓመት ያበላችኝን ሴት፣ በሦስት ባዕድ ሰው ፊት። እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ ኖር የሚል ሕዝብ መሐል ተወልጄ፣ እንግዳዬን ከመቀመጫዋ ብድግ አደረግኋት። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ ሣቀ። ሣቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ተነሣች። ዞር ብላ የተቀመጠችበትን አየች። ነጩ ላይ ቀይ፣ ክብ፣ ትልቅ ማኅተም ተቀምጧል። «አይ እኔ፣ ለካ የጌቶች ዕቃ ኖሯል» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ብትሞክር ጭራሽ ተለቀለቀ። ከዚያ ወጣች። ምሳውን ግን ትታልኝ ሄደች። ተናዳ ይዛው ብትሄድ፣ ወይም ፊቴ ላይ ብትደፋው ይሻለኝ ነበር። በላኸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። በላሁት። እንዲያ የመረረ ሽሮ ግን ቀምሼ አላውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ማክሰኞ አልመጣችም። እኔም ትመጣለች ብዬ በር በሩን እያየሁ እጄን ሥራ ላስይዝ ብዬ ወደ እድፉ ዞርኩ። በሳሙና አሸሁት፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ተለውጦ ሰፋ። የጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ሎሚ ነው መድኃኒቱ አለኝ፤ ሎሚው ሱቁን የዓሣ ጥብስ ቤት አስመሰለው እንጂ እድፉን አልነካውም። የአውቶቡስ ተራው መካኒክ «ቤንዚን የማያስለቅቀው ነገር የለም» ብሎ ማለልኝ። ደግነቱ ከሥሩ፣ በማይታየው በኩል ሞከርኩት። ቤንዚኑ ገና እድፉ ዘንድ ሳይደርስ ላስቲኩን በላው፣ ነጩ አብረቅራቂ ገጽ ደብዝዞ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። በረኪና ያለኝም ነበር፤ እሱን ግን በረኪናውን እንኳ ሳልነካ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብዬ ሸኘሁት።

ማታ ላይ የገባኝ ነገር ምን መሰላችሁ? መርካቶ ውስጥ ስለ በርበሬ ጠባይ ልትነግረኝ የምትችል ሴት አንዲት ብቻ ናት። እሷንም አባርሬያታለሁ።

ረቡዕ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። እንደ ሰው ብሆን ገና ከሩቅ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ማለት ነበረብኝ። በልቤ እንዲያ እያልኩ ነው የሄድኩት። በጆንያዎቹ መሐል ቆማ እየሰፈረች ሳያት ግን ወንድነቴ ይሁን ሞኝነቴ አፌን ያዘውና፣ «ለመሆኑ በርበሬ ላስቲክ ላይ ሲይዝ በምን ይለቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። እንደ ገዢ!

ቀና ብላ አየችኝና «ደኅና አደሩ ወይ ጋሼ ደምሴ?» አለችኝ። ከአንተ ወደ እርስዎ በአንድ ጊዜ ሾመችኝ። እንዲህ ያለ ሹመት ለጠላቴም አይስጠው። ደግሞ ምክሩን አልነፈገችኝም፤ ቢነፍጉት የሚቀል ምክርም አለ። በርበሬ ውሃ አይፈራም፣ ዘይት ይወዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኑግ ዘይት በጥጥ ነክረው ዳበስ ዳበስ ያድርጉት፣ እንዳያሹት አለችኝ። ዘይቱ ቀዩን ሲስበው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥቡት፣ ቅቤዎም አብሮ ይለቃል። የቀረውን ፀሐይ ይበላዋል። «ዛላውን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የተፈጨውን ግን ፀሐይ ካገኘው መልኩን ይጠጣዋል፤ እኛ በጥላ የምናስቀምጠው ለምን ይመስልዎታል?» አለችና ወደ ስፍሯ ተመለሰች። ከጆንያው አጠገብ ባዶ የዱካ መቀመጫ ነበር። ተቀመጥ አላለችኝም። አመስግኜ፣ ይቅርታዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ኑግ ዘይት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና። ከዚያ ወንበሮቹን ሱቄ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። ከጭድ ተራ የሚመጣው ገለባ እንዳያርፍባቸው፣ ጭነት የያዘ አህያ እንዳይታከካቸው፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ ዘብ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። የጀልባ ወንበር እላለሁ። ጀልባው የት አለ ይለኛል። ቢሾፍቱ እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ ሰው ውሃ ላይ ሆኖም መቀመጥ ይፈልጋል እንዴ ብለው ተገርመው ሄዱ። አንድ ወዛደር ሸክሙን አውርዶ አንድ አፍታ ልረፍበት ብሎ ለመነኝ፤ ከለከልኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው ነገሩ፤ አራት ባዶ ወንበር ደርድሬ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ወደ በርበሬ በረንዳው መንገድ ይሄዳል። ማንም አይመጣም። ከሆቴል ያስመጣሁትን ወጥ ቆሜ በልቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «በልቻለሁ» እላለሁ። ለማን እንደምለው አላውቅም።

ቅዳሜ እድፉ ጠፍቶ ወንበሮቹ ነጭ ሆኑ። ሾፌሩ እጄን ጨብጦ ወሰዳቸው። በኋላ እንደነገረኝ ፊታውራሪው እጅግ ወደዷቸው፤ ከመውደዳቸውም የተነሣ እንዳይቆሽሹ ብለው በአቡጀዲ ሸፍነዋቸዋል። ነጩን ከዚያ ወዲህ ዝንብ እንኳ አላየውም።

እኔ ግን የራሴ ሥራ ነበረብኝ። ከሱቄ ቁርጥራጭ ውስጥ ቀይ የፕላስቲክ ቆዳ አገኘሁ። ደማቅ ቀይ ሳይሆን ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ አፍንጫ ባይኖራችሁ በርበሬ ነው የምትሉት። ባለ መደገፊያ ወንበር አሠርቼ፣ ጥጡን አብዝቼ፣ በዚያ አለበስኩት። በርበሬ ቢራገፍበት፣ በርበሬ ቢወቀጥበት የማይታይበት ወንበር ሆነ። ቅቤ አልቀባሁትም፤ ያን ያህል ተምሬያለሁ። ከዚያ ሄድኩና ጆንያዎቹ መሐል ቆሜ፣ ገዢው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ አስካለ፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይኝ፤ ብቻዬን መብላት አቅቶኛል» አልኳት። በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

«አይ ደምሴ፣ ሞኝ! እኔ እኮ ያን ቀን ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ደምሴ! ከጋሼነት ሻረችኝ። ወደ ሱቄ ስመለስ መሬት አልረገጥኩም።

በማግስቱ ምሳዋን ቋጥራ መጣች። ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። «በእግዜር!» አለች። ወንበሩን አሳየኋት፣ ያንቺ ነው አልኳት። በእጇ ዳሰሰችው፣ ልቧ እንደተነካ ፊቷ ላይ አየሁ፣ መረቀችኝም። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር በርበሬ የምትጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ አወጣችና ዘርግታ፣ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ፣ እሱ ላይ ተቀመጠች። «አዲስ ነው፣ እንዳላቆሽሽብህ» አለችኝ። ቂም አልነበረበትም። ከልቧ ነው።

ይኸው ዛሬም ትመጣለች። ሽሮው ያው ነው፣ ወሬውም ያው ነው ማለት ይቻላል። ሲበቃት ተነሥታ ጋዜጣዋን ከነብናኙ አጣጥፋ ትወስዳለች። በሩን ወጥታ ስትርቅልኝ ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ እሄድና መዳፌን ከዳር እስከ ዳር አሳልፌ አየዋለሁ። ንጹሕ ነው። አንዴም እንኳ አላስነጠሰኝም።