እንደ በግ የተመረጠው ድምፅ ማጉያ

አንድ ነገር ስላወቀ ሁሉን ያወቀ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም በጭብጨባ ተከትዬዋለሁ!

በደርግ ጊዜ በደብረ ብርሃን የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ጊታር መቺ ነበርኩ። ከእነዋሪ ከተማ ቡድን ጋር በምንወዳደርበት ዕለት ጠዋት ድምፅ ማጉያ ግዙ ተባልን። አቤት ደስታችን! መራጭ ሆነው አብረውን የመጡት የሰፈራችን ሰው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ለምን እሳቸው? በግ በመምረጥ ማን ይደርስባቸዋል!

ሱቅ ስንደርስ ነጋዴው ሁለት ማጉያ አቀረበልን። ትንሹን ሲከፍተው ሱቁ ተናወጠ።

«ጯሂ በግ ሥጋ የለውም» አሉ ጋሽ ተሰማ። ከዚያ የትልቁን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉት። «ይሄ ክብደት አለው! በሉ ተሸከሙ፤ መሞከር አያስፈልገውም።»

እኛም እየጨፈርን ተሸከምን።

ከሰዓት መድረክ ላይ ጊታሬን ብመታ፣ ብመታ፣ ማጉያው ጭጭ አለ። የእነዋሪዎች ሳቅ ግን ያለ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። የጀርባውን ክዳን ብንፈታው፣ ለካስ ሆዱ ውስጥ ያለው አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ነው! ሁላችንም ወደ ጋሽ ተሰማ ዞርን። እሳቸው ግን ድንጋዩን አንስተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና፣

«ታዲያ ክብደት አለው አላልኳችሁም?» አሉን።