ክቡር ዊልፍሬድ ኦግደን ታንካቸውን ጥጥ ያጎረሱበት ዜና

የልባቸው የደም ሥር በሐኪሞች ብልሃት በተከፈተ በዐሥራ አንደኛው ወር፣ ሲጋራም ከቤታቸው በአዋጅ በተሰደደ በዚያው ልክ፣ በዘመነ ብሬንዳ፣ ማለትም በሚስታቸው የግዛት ዘመን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የእንግሊዟ ከተማ የሮችዴል ዝናብ እንደ ልማዱ ሲወርድ፣ የአርባ ዓመት የአውቶቡስ መሪ ጨባጭ የነበሩት ጡረተኛው ክቡር ዊልፍሬድ ኦግደን የፈጸሙትን ተጋድሎ እንጽፋለን፤ የሰማ ይመን፣ ያላመነ ሄዶ ሶፋውን ያሽትት።

የጦርነቱ መነሻ ታንካቸው ነበረች። ታንክ ሲባል ከተማ የምታፈርሰዋ አይደለችም፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ እንፋሎቷን በትንባሆ ጢስ ፋንታ የሚስቧት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ብልቃጥ ናት እንጂ። በሆዷ ጥምጥም ሽቦ አለ፤ በሽቦው መካከል ጥጥ ያልፋል፤ ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ግሎ ያተነዋል። ሽቦውንም ጥጡንም ባለቤቷ በገዛ እጁ ስለሚያበጅ ክብሩም ውርደቱም የራሱ ነው። ይህችኛዋ ግን ከገበያ በርካሽ የተገኘች፣ ስም የለሽ፣ የብሎኗ ጥርስ በወጉ ያልወጣላት ነበረችና፣ በብሬንዳ አዲስ ሶፋ ላይ የእንጆሪ ፈሳሿን እስከ መጨረሻ ጠብታዋ ለቀቀች።

ወእምዝ የቤቱ እመቤት ብሬንዳ ከደረጃው ራስ ሆነው እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦ «ስማ ዊልፍ፣ ያ የሚያንጠባጥብ ጉድህ እስከ ሻይ ሰዓት ካልተሠራ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥለው። አንዲት ሲጋራ ብትለኩስ ደግሞ እኔ እህቴ ጋ፣ ብላክፑል ነኝ። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ዳግመኛ ቁጭ አልልልህም።»

ክቡርነታቸውም ወደ ጓሮው የዕቃ ጎጆ ዘመቱ። የተከተላቸው ሠራዊት ወረንጦው፣ ጥፍር መቁረጫው፣ የጥጡ ከረጢትና ግራ ዐይኗ የማያየው አሮጊት ውሻቸው ዶቲ ነበሩ። በቀለም ቆርቆሮው ጀርባ ግን ጠላት አድፍጦ ነበር፤ ለክፉ ቀን ብለው የሸሸጉት፣ ብሬንዳ የማያውቁት፣ ያልተከፈተ አንድ ፓኮ ሲጋራ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ እንዳይፈስ ብለው ጥጡን ጠቀጠቁት። ፈሳሹ መግቢያ አጣ፣ ጥጡ ደርቆ ነደደ፣ ክቡርነታቸውም አንዴ ቢስቡ የተቃጠለ ካልሲ የዋጡ ያህል ጉሮሯቸው ተለበለበ፤ ዶቲ ስለ ክብራቸው ፊቷን አዞረች። በሁለተኛው ጥጡን አሳሱት፤ ፈሳሹ በአየር ማስገቢያው ወርዶ ሱሪያቸውን ወረረ። በዚህ ላይ ሽቦውን የሚይዘው ብሎን ጥርሱ ተልጦ እንደ ሰካራም ባዶውን ዞረ።

ያን ጊዜ እጃቸው ወደ ቀለሙ ቆርቆሮ ሄደ። ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ በኪሳቸው ያለውን ክብሪት ዳበሱና ፓኮውን ብዙ አዩት። ብሬንዳ በዚያ ኮሪደር ላይ የባላቸውን ኮት አቅፈው እንደተቀመጡ ታዩአቸው።

በዚያች ሰዓት በከተማው የፈትል ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የቆሙት እናታቸው እመት ኤድና፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትዝ አሏቸው። እኚህ ሴት በሕይወት ሳሉ ያወጁት አዋጅ ይህ ነበር፦ «ጥጥ እንደ ሰው ነው ልጄ፤ ካነቅከው ያኮርፋል፣ ከለቀቅከው ይባልጋል። አበጥረውና እጅህን አንሣለት።»

አበጠሩት። በጢም ማበጠሪያቸው የጥጡን ሁለት ጅራት አሳስተው ወገቡን ሙሉ ተዉት፤ በሽቦው መካከል ሲጎትቱትም ጥቂት አንገራግሮ አለፈ። ጅራቶቹን በፈሳሹ መግቢያ አፍ ላይ ሳይጭኑ አስተኙ። የብሎኑን ምትክ ብርጭቆዋ ከተሰበረባት፣ ከደህና ባለሙያ እጅ ከወጣችው ከቀድሞዋ ታንካቸው ማረኩ፤ የደህና ሥራ ብሎን ከሞት በኋላም ያገለግላልና። ሳቡ፤ ጎጆው በእንጆሪ ደመና ተሞላ። ታንኳን በነጭ ወረቀት ላይ አጋድመው አንድ ሰዓት ጠበቁ፤ ወረቀቱ እንደ ነጣ ቀረ።

በሻይ ሰዓት ብሬንዳ ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ወረቀቱን ሳይሆን ፓኮውን ነበር። አነሡት፣ ገለበጡት፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ክቡርነታቸውም ነጩን ወረቀት እንደ ምስክር ወደ ፊት ገፉት። በመጨረሻም ታወጀ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው አልልህም። እንዳልከፈትከው አይቻለሁ። በል ና፣ ሻዩ ሳይበርድ።» ፓኮውንም ደጅ በሞላው የዝናብ ባልዲ ውስጥ አሰጠሙት።

ስለዚህ ለጥጥ አበጣሪው፣ ለብሎን ማራኪው፣ ለዊልፍሬድ ምስጋና ይሁን። ከተማ የያዘና ወንዝ የተሻገረ ብዙ ተጽፎለታል። ክብሪቱ በኪሱ፣ ፓኮው በፊቱ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው ያልለኮሰ ግን ጥቂት ነውና ይህ ተጻፈ።