ጧፍ እንጂ ሻማ አይደለም

ፈቃድ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት የምትፈራ ሴት አለች። አትጮኽም፣ አትለምንም፣ ውስጥ ዘመድ የላትም። ያላት አንድ የፕላስቲክ ፎልደርና አንድ አባባል ብቻ ነው፤ «በጽሑፍ ስጡኝ።»

በቦሌ በኩል ባለ አንድ ወረዳ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ኣምለሰት ናቸው። የመስኮት አራቱ ሠራተኛ ደጀኔ ነጠላቸውን ከበሩ ላይ ሲያይ እስክሪብቶና ማኅተሙን ያቀርባል።

ወይዘሮ ኣምለሰት ቦሌ ሚካኤል አጠገብ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ፈትል በሰም እየለበጡ ጧፍ ይሠራሉ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ፈቃድ ካላወጡ ክፍሏ እንደምትታሸግ ተነግሯቸዋል። ችግሩ፣ የደጀኔ ኮምፒውተር ጧፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ሻማ ያውቃል። ሻማ ግን ፋብሪካ ነው፤ ሼድ ይጠይቃል፣ የእሳት አደጋ ማረጋገጫ ይጠይቃል።

«እትዬ፣ ለምን የስጦታ ዕቃ መሸጫ ብለን አንጨርሰውም?» አላቸው ደጀኔ አዝኖላቸው። «ዛሬውኑ ይወጣል።»

«ወደይ፣ ልጄ፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚበራ ነገር ነው። በሐሰት ስም ፈቃድ አውጥቼ ላብራለት?»

«እንግዲያው አይቻልም።»

«አይቻልም የሚለውን በጽሑፍ ስጠኝ።»

ሰጣቸው። በማግስቱ «ሲስተም የለም» ሲባሉ እሱንም በጽሑፍ ጠየቁ፤ ማኅተም ተመትቶበት ፎልደር ገባ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚልም አላቸው፣ ያውም በአራት የተለያየ ቀን። በሦስተኛው ሳምንት ሰምና ፈትል ይዘው መጡና ሰሙን በመዳፋቸው እያሞቁ መስኮቱ ሥር ጧፍ ሠርተው አሳዩ። ሰልፈኛው ተራውን ረስቶ ከበባቸው።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ተጻፈ። መገናኛ ያለው ቢሮ ድረስ ሦስቴ ተመላልሰው መልሱን ይዘው መጡ። «አመልካቿ ጤፍ ለማምረት ከግብርና የድጋፍ ደብዳቤ ያቅርቡ» ይላል።

ወይዘሮ ኣምለሰት መነጽራቸውን አስተካከሉ። «በአንዲት ፊደል ገበሬ አደረጋችሁኝ። በሬውንስ ማን ይሰጠኛል?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ደጀኔም ሊስቅ ሲል ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየ። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ።

በነጋታው ወይዘሮ ኣምለሰት መስኮቱ ፊት ቆመው ሳለ የደጀኔ ስልክ ጮኸ። ኃላፊው ናቸው።

«ሴትዮዋን የስጦታ ዕቃ ብለህ ሸኛት። እምቢ ካለች መልሳት።»

ደጀኔ ሰባት ዓመት ሙሉ «እሺ ጌታዬ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን አፉ ቀደመው።

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ወይዘሮ ኣምለሰት ከመስታወቱ ወዲያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሌሎች ከሚለው ሥር ጧፍ ብለህ ጻፍላት በቃ» አሉ ኃላፊው።

ወረቀቱ ወጣ። ወይዘሮ ኣምለሰት እንደ ዳዊት ደጋሚ በጣታቸው እየተከተሉ «ጧ… ፍ» ብለው አነበቡ። ተመስገን አሉ። ከዚያም ከፎልደራቸው አንዲት ጧፍ አውጥተው በመስኮቱ አሾለኩለት።

«እትዬ፣ ከባለጉዳይ መቀበል አይፈቀድልንም።»

«አይፈቀድም የሚለውን በጽሑፍ ስጠኝ።»

ደጀኔ እስክሪብቶውን አነሳ። «አንዲት ጧፍ ተቀብያለሁ። ደጀኔ፣ መስኮት አራት» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተምም መታበት። እሳቸውም ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡና ፎልደራቸው ውስጥ፣ ከፈቃዱ ቀጥሎ አስገቡት።