ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ያለው መድኃኒት

በአገራችን ሐኪም ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ካላመናችሁኝ ከጳውሎስ የሚነሳ ታክሲ ውስጥ ግቡና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳሉ። ሳሉን ሳትጨርሱት ከጎናችሁ የተቀመጡት ሴትዮ ዳማ ከሴ ያዙላችኋል። ከኋላ ያለው ጎልማሳ «ኧረ ዳማ ከሴ ለምች ነው፤ ለሳል ዝንጅብል በማር ነው» ብሎ ትእዛዛቸውን ይሽራል። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ሳይቀር ስለ ነጭ ሽንኩርት የሚለው አያጣም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገና ከሆስፒታል ወጥታችሁ፣ የታዘዘላችሁን ክኒን በፌስታል አንጠልጥላችሁ ነው። ፌስታሉን ያያሉ፤ አይተውም ያዝኑላችኋል።

ግን ልብ በሉ። እንዲህ በየታክሲው የሚታደለው መድኃኒት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። እውነተኛው አዋቂ አይናገርም። ቅጠሉን ማለዳ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ይቆርጣል፤ መልኩ እስኪጠፋ ይወቅጠዋል፤ በወረቀት ጠቅልሎ በእጃችሁ ያኖረዋል። «ምንድን ነው?» ብትሉት «ቅጠል ነው» ይላችኋል። ቅጠል መሆኑንማ በግም ያውቃል። ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይረክሳል፤ ስለዚህ ምስጢሩ ከአባት ወደ አንድ ልጅ፣ ያውም ሲሞት፣ ያውም አንደበቱ ካልተያዘ ይተላለፋል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው ግን ምንም አላሉም። ደባቂዎቹ እነሱው ስለነበሩ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ የእህቴ ልጅ ማርታ ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሚሆን ጥናት ይዛ እኔ ቤት ስለከረመች ነው። የጥናቷ ርዕስ «በሁለት አጎራባች የገጠር አካባቢዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋት አጠቃቀም ንጽጽር» ይላል። ርዕሱን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ ለመጨረስ ራሱ መጠነኛ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ርዕሱን የሰጧት አማካሪዋ ሕንዳዊ ናቸው። ለእኔ ትውልድ ሕንዳዊ መምህር ማለት ሒሳብና ፊዚክስ ነበር፤ የማርታው ዶክተር ግን የቅጠል ሰው ናቸው። አንድ ቀን አጅቤያት ሄጄ አግኝቻቸዋለሁ። ረጋ ያሉ፣ ሹራባቸውን በሚያዝያም የማያወልቁ ሰው ናቸው። የአባታቸው መንደር ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ወዲህ፣ የእናታቸው መንደር ከወንዟ ወዲያ እንደነበር አጫወቱኝ። ወንዟ በበጋ ከጉልበት አትዘልም። በሁለቱም ዳር የሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ አለ። የአባታቸው ወገኖች ሥሩን በወተት አፍልተው አቅም ላነሰው ሰው ያጠጣሉ። የእናታቸው ወገኖች ደግሞ ቅጠሉን ፈጭተው እብጠት ላይ ይለጥፋሉ። ሁለቱም ወገኖች ማዶ ያሉት ሰዎች ተክሉን የሚያባክኑት ይመስላቸዋል።

«እናቴ አርባ ዓመት ከአባቴ ጋር ስትኖር» አሉኝ ዶክተሩ፣ «ሥሩን አንድም ቀን አልቀመሰችም።»

ማርታም እንዲህ ያለ ወንዝ ፈልጋ እንድታጠና ተላከች። ችግሩ የሚወስዳት አለመኖሩ ነበር። የመስክ ጉዞዋ አንዴ በመኪና፣ አንዴ በመንገድ፣ አንዴ በፊርማ ምክንያት ሲገፋ ከረመ። ጊዜ አራዝሙልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜ ተፈቀደላት። በሦስተኛው «ከዚህ በኋላ የለም» የሚል ደብዳቤ መጣ። በወሩ መጨረሻ ካላስረከበች የሦስት ዓመት ልፋቷ በዜሮ ይባዛል። ልጅቷ ከሳች። እህቴ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለች «ትበላለች?» ትለኛለች። ትበላ ነበር፤ ጥፍሯን።

አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆማ ወደ ማዶ ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ አጎራባች የሚለው ቃል መሬቱን ነው ሰዎቹን?» አለችኝ።

የሽሮ ሜዳ ቤቴ ፊት ለፊት በአንድ የቆርቆሮ አጥር የተከፈሉ ሁለት ግቢዎች አሉ። በግራ ጋሽ ዳንጌ ይኖራል፤ ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ የመጣ ሸማኔ ነው። በቀኝ ሐጂ እንድሪስ ይኖራሉ፤ ወሎዬ ናቸው፣ ሱቅ አላቸው፣ ከስኳርና ከሳሙናው ጀርባ ማንም የማይነካው አንድ መሳቢያ አላቸው። ሁለቱም በሰፈሩ የታወቁ መድኃኒት አዋቂዎች ናቸው። አንዱ ለመስቀል፣ ሌላው ለአረፋ አገራቸው ደርሰው ሲመለሱ በጆንያ ሥር ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ ሁለቱ የገጠር አካባቢዎች በእግራቸው ጉለሌ ድረስ መጥተው፣ ወንዙን በቆርቆሮ ተክተው፣ ተዋስነው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ማርታ ይህንን ለዶክተሩ ጻፈችላቸው። ዶክተሩ አንድ ቀን አሰቡና «ጥሩ ነው፤ አጥሩን ለኪው» ብለው መለሱላት። የሳይንስ ሰው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጋሽ ዳንጌ ዘንድ ሄድን። እግሮቹን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል። ማርታ ጉዳዩን በትሕትና አስረዳችው። መወርወሪያውን ሳያቆም አዳመጣትና «ልጄ» አላት፣ «እኔ ሸማኔ ነኝ። ቅጠል አላውቅም።»

«ትናንት ለጎረቤታችን ልጅ የሰጡት ምን ነበር?»

«ምክር።»

ከዚያ ሐጂ ዘንድ ተሻገርን። ሐጂ አስቀምጠው ለስላሳ ጋበዙን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዘመን፣ ስለ ዝናብ አወሩን። ወደ መሳቢያው ስትመጣባቸው ግን «አብሽሪ የኔ ልጅ፤ ፈውስ ከአላህ ነው» አሉና ወሬው በዚያው ተቋጨ። ማርታ በደብተሯ ላይ የጻፈችው ነገር ቢኖር የለስላሳውን ዓይነት ነው።

እንግዲህ በዚህ ያበቃ ነበር። ግን የሰው ልጅ፣ በተለይ ጎረቤት የሆነ የሰው ልጅ፣ አንድ ጠባይ አለው። ልንወጣ ስንል ሐጂ እንድሪስ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «መምህር» አሉኝ፣ «አንቱም እኮ የዋህ ነዎት። እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ዳንጌን አልጠየቃችሁትም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ቀዳዳ ሲወቅጥ አየዋለሁ።» ቆርቆሮው ላይ ያለችውን የምስማር ቀዳዳ አሳዩን። ከዚያም ጋሽ ዳንጌ ለሆድ ምን፣ ለወገብ ምን፣ ለቡዳ ምን እንደሚያዝ አንድ በአንድ አስጻፏት። የእጇ ጣቶች እስኪደነዝዙ ጻፈች።

በማግስቱ ጋሽ ዳንጌን እንዲሁ ጠየቅነው፤ ስለራሱ ሳይሆን ስለ ሐጂ። መወርወሪያው ቆመ። «እሳቸውማ» አለ፣ «ኧረ ስንቱን!» ለካስ ቀዳዳዋ ከወዲያም ታሳያለች። በሁለት ቀን ውስጥ ማርታ ሁለት ሙሉ ዝርዝር ያዘች። የራሱን ምስጢር ሞቶ የማያወጣ ሰው የጎረቤቱን ግን አደራ አይቆጥረውም።

ደስታችን ግን ሳምንት አልቆየም። ዶክተሩ ዝርዝሩን አይተው ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዝርዝር ለባለቤቱ ተነቦ ልክ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ባለቤቶቹ የፈቃድ ቅጽ ላይ ይፈርሙ፤ ያለ ፊርማ ጥናቱ አይታይም። ማርታ ቅጾቹን ይዛ መጥታ አልጋዋ ላይ ተዘረረች። የቀራት አንድ ሳምንት ነበር።

«ለጋሽ ዳንጌ ምን ብዬ ነው የማነብለት?» አለችኝ። «ሐጂ ስለርስዎ የነገሩኝ ነው ልበለው?»

«ማን እንደነገረሽ አይጠይቅሽም» አልኳት።

«እንዴት አወቅህ?»

«ከጠየቀ እሱም ይጠየቃላ።»

እንዳልኩትም አልጠየቀም። ማርታ በፈራ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። «ጊዜዋ የሚባለው ቁጥቋጦ። ቅጠሉ ደርቆ ለቡዳ ይታጠናል።» ጋሽ ዳንጌ መሸመኑን ቀጠለ። «ለወገብ ሕመም ደግሞ ያው ቅጠል በቅቤ ታሽቶ…»

መወርወሪያው በአየር ላይ ቀረ።

«ቅጠሉ? ቅጠሉን ማን ነው ያለሽ? ሥሩ ነው እንጂ የሚታጠነው! ቅጠሉ ምን ያደርጋል? ለወገብም ቅቤው የከረመ መሆን አለበት፤ በለጋ ቅቤ ማን ያሻል?» ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ምስክሬ ነህ። አልነገርኳትም። ስትሳሳት ዝም ብዬ ባይ ሰው ስለምትጎዳ ነው።»

«አልነገርካትም» አልኩት። «አረምካት።»

«አዎ፣ ማረም ሌላ ነው።» ተረጋጋ። «ቀጥይ እስቲ፤ ሌላስ ምን አሳስተሻል?»

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ይህን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በአገራችን ጥያቄ ጠይቀህ መልስ አታገኝም። ስህተት ተናገር፤ አገር ምድሩ ተነስቶ እውነቱን ያሸክምሃል። ማርታም ቶሎ ገባት። ከሦስተኛው ተክል በኋላ ሆን ብላ ማበላሸት ጀመረች። ሥሩን ቅጠል፣ የፈላውን ጥሬ፣ የጠዋቱን የማታ እያደረገች ታነባለች። ጋሽ ዳንጌ እየተንገሸገሸ ያርማል።

ሐጂ ዘንድ ብዙም አልደከመችም። «ጥቁር አዝሙድ በቅቤ» ስትል ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በቅቤ? ያ ረቢ! በማር ነው እንጂ! ይሄ ሰውዬ ሰው ሊያስጨርስ ነው?» ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅንም። የመሳቢያው ቁልፍ እስከዚያን ቀን ድረስ ሲዞር አይቼው አላውቅም ነበር። ልክነቱን ለማሳየት ሲሉ ግን ከፍተው ያን የታወቀውን ቁጥቋጦ፣ ጊዜዋን፣ አውጥተው አፍንጫዋ ሥር አደረጉላት። እሳቸው ደግሞ የሚወቅጡት ሁለቱንም፣ ሥርና ቅጠሉን አንድ ላይ ነው።

ማርታ ተክሉን በፌስታል አድርጋ ለዶክተሩ ወሰደችላቸው። ዶክተሩ አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የወንዛቸው ቁጥቋጦ ራሱ ነበር። በማግስቱ የማርታን ምዕራፍ አርመው ሲመልሱላት፣ ስለ ጊዜዋ ከተጻፈው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ስህተት! ሥሩ በወተት ነው የሚፈላው» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ በታች ደግሞ በሌላ ቀለም፣ ትንሽ ቆይተው ያሰቡበት በሚመስል ጽሑፍ፣ «ይቅርታ፣ ይህን የጻፈው አባቴ ነው» ይላል።

የቀረው ፊርማው ብቻ ሆነ። ሐጂ «ዳንጌ ከፈረመ እኔ ምን ገዶኝ» አሉ። እንግዲህ የልጅቷ ሦስት ዓመት በጋሽ ዳንጌ አንድ ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ። እሱ ደግሞ ቅጹን ተቀብሎ እንደ ሸማ ጥለት አገላብጦ አየውና መለሰላት።

«ማረም አንድ ነገር ነው፤ መፈረም ግን መናገር ነው። መድኃኒቱ ይረክሳል። ነገ ለታመመ ሰው ብሰጠው ባይሠራስ? ያን ጊዜ ያንቺ ዲግሪ ያድነዋል?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ማርታ ቅጹን በእጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ግን ልታለቅስ እንደሆነ መወርወሪያውም ሳይገባው አልቀረም፤ መወርወሩን አቆመ።

«እስቲ ያን መጽሐፍ አሳዪኝ» አላት ጋሽ ዳንጌ። የጥናቷን ረቂቅ ሰጠችው። ገለጥ ገለጥ አደረገው። «በምን ቋንቋ ነው የጻፍሽው?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እንግሊዝኛ!» ረቂቁን ዘጋው። «ታዲያ ማን ያነበዋል?»

ማርታ መዋሸት አትችልም፤ ከእናቷ የወረሰችው ጉድለት ነው። «አማካሪዬ ያነቡታል» አለች። «ሁለት ፈታኞችም ያነቡታል። ማለቴ… ካነበቡት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይገባል።»

«እዚያስ ማን ያነበዋል?»

ማርታ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሸማው አየሁ። በጣም የሚያምር ጥለት ነበር።

ጋሽ ዳንጌ መሳቅ ሲጀምር ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እግሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጄ» አላት እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣ «እኔ ለታላቁ ልጄ ብቻ ነው የምነግረው። አንድ ሰው። አንቺ ለሦስት ነግረሻል። ከኔ አንቺ ደግ ነሽ። አምጪ እስክሪብቶውን።»

ፈረመ። ቅጹን መለሰላትና ወደ ቆርቆሮው አጥር ዞሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኸ።

«ሐጂ! ይፈርሙ አይዞዎት! ማንም አያነበውም!»