ሃዊ የደበቀችብኝ ሥዕል

ጎረቤት ሲመረቅ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ይመረቃል፤ ሥራ ሲያጣ ግን ብቻውን ነው የሚያጣው። የአጥር ጎረቤቴ የአዴ ጫልቱ ልጅ ሃዊ በሳይኮሎጂ ስትመረቅ ያልበላ፣ ያልጨፈረ፣ ጥቁሩን ጋዋን ተውሶ ፎቶ ያልተነሳ ማን ነበር? እኔም አለሁበት፤ ቆቡ ያምርብኛል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ። ሳይኮሎጂ ሰው አይቶ ልቡን የሚያውቅ ትምህርት ነው ሲሉኝ፣ ለዚህማ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል፣ እኔ ከመስኮቴ ሆኜ የምሠራው አይደል ወይ አልኩ።

ልጅቷ በአዳማ ያላነበበችው የሥራ ማስታወቂያ የለም። ሁሉም ልምድ ይላል። ያለ ሥራ ልምድ ከየት ይመጣል? አረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርት አወጣች። አዴ ጫልቱ አልቅሰው ለመኗት፤ እስቲ ትንሽ ልሞክር ብላ ግቢያቸው ካለው ኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ አስቀምጣ አስጠኚ ሆነች። አምስት ልጆች መጡ፤ አንዷ የእኔዋ ሜላት ናት። አራተኛ ክፍል፤ እናቷ የቆመችበት።

የቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አለው፤ እኔ አልበሳሁትም፣ ንፋሱ ነው። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ አየሁ፤ ደብተር አልተከፈተም። ቤታችሁን ሳሉ ብላቸዋለች። የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ ቴሌቪዥኑን እንደ ግድግዳ አግዝፎ፣ አባቱን እንደ ጉንዳን አሳንሶ ስሏል። ሜላት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር የሷን አላየሁትም።

ደነገጥኩ። የቤታችን ገመና በእርሳስ እየወጣ ነው። ለአንዲት ሴት ብቻ ነገርኳት፤ ይህች ልጅ የተማረችው የእብድ ሕክምና ነው፣ እሷ ጋ የሚላክ ልጅ ታሟል ይባላል፣ በዚያ ላይ ገመናችንን ትለቅማለች አልኳት። ለአንዲት ብቻ። በማግስቱ አግዳሚው ላይ ሜላት ብቻዋን ቀረች። በሦስተኛው ቀን እሷንም አስቀረኋት፤ የተናገርኩትን እኔው ካላከበርኩት ማን ያከብረዋል?

አዴ ጫልቱ ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ «አካም ቡልቴ» ይሉኛል፣ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ትልቅ ሻንጣ ተገዝቶ ሲገባ አየሁ።

ያን ዕለት ሜላት ከትምህርት ቤት እየበረረች መጣች። «እማ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ሂሳብ ሠራሁ» አለችኝ። «ሂሳብ የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር። ቲቸር ሃዊ ናት ሥዕሌን አይታ፣ የምትፈሪው ሂሳቡን ሳይሆን ሰው እንዳያይሽ ነው ያለችኝ።»

ምን ላድርግ? ይቅርታ መጠየቅ የማልችለው ሙያ ነው። የምችለውን አደረግሁ። ያችኑ ሴት ጠርቼ የሜላትን ጉብዝና አወራኋትና፣ «ምስጢሩ ሃዊ ናት፤ አደራሽን ለሰው እንዳትነግሪ፣ ልጅ በዝቶ ለሜላት ቦታ ይጠባታል» አልኳት። ከዚህ ወዲያ ድምፅ ማጉያ ምን ያደርጋል? በሳምንቱ አሥራ አንድ ልጅ፤ አግዳሚው ሞልቶ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ወሬው አንዲት የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ጆሮ ገባ። መጥታ ከኒሙ ሥር ቁጭ ብላ አየች፤ ልምድ አልጠየቀችም። በመስከረም ሃዊ የመምህርነት ነጭ ጋዋን ለበሰች፤ ሻንጣው አሁን የተማሪ ደብተር ይመላለስበታል።

ይህን ያህል ከደከምኩላት አንድ ነገር ብጠይቃት ምን አለበት? ሜላት ቤታችንን ስትስል እኔን እንዴት አድርጋ ሳለችኝ አልኳት።

«እትዬ አስካለ፣ እሱ የልጅ አደራ ነው፤ አልነግርዎትም» አለችኝ እየሳቀች። መሳቋ ነው የገደለኝ። ሜላትም ብትሆን፣ ቲቸር ሃዊን ጠይቂያት ትለኛለች።

ሃያ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር ገመናውን ያላወቅኩት ቤት አንድ ብቻ ሆነ፤ የራሴ። ሥዕሉን ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለማንም አልናገርም።