የቁርጭምጭሚቴ ጠበል

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስሜን ተጠየቅኩ። በትክክል መለስኩ።

ማንም አላመነኝም!

ቆይ፣ አትሳቁ። እኔ ራሴ ነገሩ አሁንም እንደዞረብኝ ነው። ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው ስልኬን ያነሳሁት።

ለማታውቁኝ፣ ሊዲያ እባላለሁ። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፋይናንስ እሠራለሁ። ለመሥሪያ ቤታችን የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ደግሞ ሴተር ነኝ፤ ኳሷን ለመቺዎቹ የማመቻቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። ቅዳሜ ፍጻሜ አለን። ተተኪዬ አራስ ናት። እኔ ካልተጫወትኩ ኳስ የሚያመቻች ሰው የለንም፣ በቃ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ልምምድ ላይ ከመረብ ስር ዘልዬ ስወርድ የሰው ጫማ ላይ አረፍኩ። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ቋ አለ!

በዚህ የተነሳ ፋሲሎ ሠፈር አንድ ክሊኒክ ሄጄ ናቲ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት እጅ ላይ ወደቅኩ። ናቲ ገና ወጣት ነው። ሲያወራ ፈገግ ይላል፤ ሲያሳምም ደግሞ የበለጠ ፈገግ ይላል። እግሬን በሰማያዊ ቴፕ ጠቅልሎ «እኔ ሳላየው እንዳትፈቺው» አለኝ። ቀጥሎ የቤት ሥራ ሰጠኝ።

የቤት ሥራውን ልንገራችሁ። ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም። ወደ ኋላ መራመድ። በተረከዝ ብቻ መሄድ። ላስቲክ ከአልጋ እግር ጋር አስሮ በእግር ጣት መጎተት። መጨረሻ ላይ ፎም ሮለር አለ፤ ጠንካራ ስፖንጅ የሆነ ድብልብል ነገር ነው። ባትህን እላዩ ላይ ጭነህ መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ ትንከባለላለህ። የተቋጠረው ጡንቻ ይፈታል ይባላል።

ይፈታል? ነፍስ ትወጣለች እንጂ!

እኔ ደግሞ ሲያመኝ ዝም ማለት አልችልበትም። ማታ ማታ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ «ኧረ በናትህ ልቀቀኝ! ልቀቀኝ አልኩህ!» ነው የምለው። ለባቴ ነው የምለው! ሌላ ማንም የለም ክፍሉ ውስጥ።

እዚህ ላይ እትዬ ስንዱ ይግቡ።

እትዬ ስንዱ አከራዬ ናቸው፣ ዓባይ ማዶ። ሟች ባለቤታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም ዳዊት ሳይደግሙ ውለው አያውቁም። የእኔን ክፍል ከሳቸው የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። መስኮቴ ወደ ግቢ ያያል፣ መጋረጃዬ ደግሞ መስኮቱን ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው።

ወዴት እንደሚሄድ ገባችሁ አይደል? እኔ ግን አልገባኝም ነበር!

አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ልብስ ሊያሰጡ ከወጡት ከእትዬ ስንዱ ጋር በጀርባዬ ተጋጨሁ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው።

«ይህን ማን አሰረልሽ ልጄ?»

«አንድ ባለሙያ ነው፣ ፋሲሎ።»

«ምን ብሎ አሰረልሽ?»

«እኔ ሳላየው እንዳትፈቺው አለኝ።»

ፊታቸው ልውጥ አለ። አዘኑልኝ ብዬ አሰብኩ። አዝነውልኛል ለካ፤ ግን ለቁርጭምጭሚቴ አልነበረም!

ከዚያን ቀን ወዲህ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ተቀየረ። ጠዋት ጠዋት በራፌ ላይ ውሃ ይረጫሉ፤ አቧራ እንዳይነሳ መሰለኝ። ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ፤ ጆሯቸው ደክሞ መሰለኝ። ምሳ በሳህን ያመጡልኝና እስክጨርስ ድረስ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ይሄኛው እንኳ ምን እንደመሰለኝ አላስታውስም። ሆዴን ሞላሁ፣ አመሰገንኩ፣ አለፈ።

ትናንት ናቲ ደወለልኝ። «ነገ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻ ቴስት አለሽ» አለኝ። «በግራ እግርሽ በደንብ ከዘለልሽ ቅዳሜ ትጫወቻለሽ። ካልሆነ ግን ፈርሜ አልለቅሽም። ትንሽ እብጠት ቀርቶታል፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዪው።»

እኔ ፍሪጅ የለኝም። በረዶ ልለምን እትዬ ስንዱን አንኳኳሁ።

«በረዶ? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ቀዝቃዛ ውሃ ያስፈልገኛል፤ ያለዚያ አይለቀኝም ተባልኩ።»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ! «ተመስገን አምላኬ! ራሷ ጠየቀች! እኔኮ በምን አፌ ልንገራት እያልሁ ስጨነቅ ከረምሁ! ነገ በማለዳ ይዤሽ ጣና እወርዳለሁ።»

ደስ አለኝ። ትልልቆቹ ስፖርተኞች በረዶ የሞላው ገንዳ ውስጥ ይዘፈቁ የለ? እኛ ደግሞ ሙሉ ሐይቅ አለን! «ምንም ሳትቀምሽ ነይ» ሲሉኝ እንኳ አልጠረጠርኩም። ሪከቨሪ፣ የጡንቻ ማገገሚያው ማለቴ ነው፣ በባዶ ሆድ ይሆናል አልኩ።

ማለዳ በባጃጅ ሄድን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰው ጢም ብሏል። ነጠላ ያደገደገ፣ ቢጫ ጀሪካን የያዘ፣ ልጅ ያዘለ። ከድንጋይ ስር አንድ ምንጭ ይፈልቅና ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጠበል መሆኑ ያኔ ገባኝ። ቤተሰቦቼ ጠበል የሚሄዱ ሰዎች አይደሉም፣ ቢሆንም ቅር አላለኝም። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በረከቱ ምርቃት!

ጫማዬን አውልቄ ቁርጭምጭሚቴን ብቻ ልነክር ስል እትዬ ስንዱ ከኋላዬ መጥተው ወገቤን ጥርቅም አድርገው ያዙኝ።

እንዳልወድቅ ነው አልኩ።

አንድ ሽማግሌ አባ መስቀል ይዘው ፊቴ ቆሙ። ሰላም ልላቸው አፌን ስከፍት አንድ ባልዲ ውሃ አናቴ ላይ ወረደ።

ጮኽኩ! ማን የማይጮኽ አለ? እስኪ ከእናንተ ማን ነው በዚያ ብርድ ዝም የሚል?

«ጮኸ! ጮኸ!» አለ ሰው።

ጮኸ? ማነው እሱ?

አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ስምህ ማን ነው?» አሉ።

«ሊ... ሊዲያ።» ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

«በሷ ስም ተደብቋል!» አለች ከጎናችን የቆመች ሴትዮ፣ ለሁሉም እየተረጎመች።

ዞር ብዬ አየሁ። ማንን ነው «አንተ» የሚሉት? ከኋላዬ ያሉት እትዬ ስንዱ ብቻ ናቸው።

«የት ላይ ያዝካት?»

አሃ! ስለ ጉዳቱ ነው የሚጠይቁኝ አልኩ። ናቲም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። «ሜዳ ላይ ነው አባ! ከመረብ ስር!»

ሰው ሁሉ አማተበ።

«ስንት ናችሁ?»

እንግዲህ ሰው ውሃ ሲወርድበት ጭንቅላቱ አይሠራም። እትዬ ስንዱ ስለ ቡድናችን ነግረዋቸው ነው አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አባ ስፖርት ይወዳሉ!

«ስድስት ነን! ተጠባባቂ ሲጨመር ዐሥራ ሁለት!»

ኡኡታው! ልጅ ያዘለችው ወደ ኋላ ሸሸች። አስተርጓሚዋ ሴትዮ ራሷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባ ብቻ አልደነገጡም።

«ስድስታችሁም ውጡ! ተጠባባቂዎቹም ውጡ!»

ያኔ ገባኝ።

ቴፑ። ወደ ኋላ መራመዱ። ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግር መቆሜ። ማታ ማታ «ልቀቀኝ» እያልኩ መንከባለሌ። የእግዜር ያለህ!

«አባ፣ እኔኮ ቮሊቦል...» ባልዲ! «ፊዚዮው ነው የላከኝ...» ባልዲ! «ላኪው ማን ነው? ተናገር!» ናቲ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ፤ ስምህን ከነሠፈርህ ተናግሬያለሁ።

«እንግዲያው ምልክትህን አሳይተህ ልቀቃት!» አሉ አባ።

የምን ምልክት? ግራ ገባኝ። እትዬ ስንዱ ከኋላዬ በጆሮዬ «ሲለቅሽ የሚያደርገውን ነው ልጄ፤ ተናገሪና ይልቀቅሽ» አሉኝ። ወገቤን እንደያዙ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው እሳቸውም ከእኔ እኩል ረጥበዋል።

በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአሥር ሰዓቱ ቴስት!

«በግራ እግሬ እዘላለሁ!»

«ዝለል!»

ዘለልኩ። ደገምኩ። ቁርጭምጭሚቴ ያዘ! ሦስት ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ ላሳርፈው የፈራሁት እግር ያነሳኛል፣ ያሳርፈኛል፣ ያነሳኛል! እልልታው ደግሞ! አሸንፈን እንኳ እንዲህ ተብሎልን አያውቅም። ሞቅ አለኝና ለመጨረሻው በሁለት እግሬ ዘለልኩ፤ ያረፍኩት እርጥብ ድንጋይ ላይ ነው። ቀኝ እግሬ ትንሽ ሸርተት አለ። በብርዱ ደንዝዤ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም። ይህቺን ያዙልኝ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ንዴቴ መጣ።

«እትዬ ስንዱ፣ መጀመሪያ እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? እኔኮ ስፖርት ነው የምሠራው!»

«ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መገተር ነው ስፖርቱ?»

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየጨመቁ ቀጠሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ አስወጫት አለኝ። ታማ ሳለች ወዴት ትሂድ አልሁ። እናቷ ሩቅ ናት አልሁ። አንች ስትጮሂ እኔም ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብየ አድር ነበር። ብቻሽን እንዳትሆኝ ብየ።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሴትየዋ ክፉ መንፈስ ያለብኝ መስሏቸው ነው ምሳ ሲያበሉኝ የከረሙት! ፈርተውኛል፣ ግን በራቸውን አልዘጉብኝም። እዚያው ባጃጅ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

«ጎሽ፣ ይውጣልሽ» አሉ እትዬ ስንዱ።

አሥር ሰዓት ላይ ክሊኒክ ደረስኩ። እትዬ ስንዱ ብቻሽን አልለቅሽም ብለው ተከትለውኝ ደጅ ተቀመጡ። ናቲ ቴፑን ፈታ፣ እግሬን ዳሰሰ፣ ዝለዪ አለኝ። ዘለልኩ። አጨበጨበ!

«እብጠቱ የለም! ምን አድርገሽ ነው?»

«ቀዝቃዛ ውሃ።»

«ምን ያህል ቆየሽ?»

«አባ እስኪበቃቸው።»

አልገባውም፣ አላስረዳሁትም። «አሪፍ! አሁን ለማነጻጸር በጤነኛው ዝለዪ» አለኝ። ሁሌም ጤነኛውን ያያል፤ የግራው ጉልበት የሚለካው በሱ ነው።

ዘለልኩ። ወደቅኩ።

ካልሲዬን ሲያወልቀው ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ሎሚ አህሎ አብጧል። ናቲ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ካርዴን አየ። «ቆይ፣ የተጎዳው የቱ ነበር?» ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አላለም። ቅዳሜ የለም አለኝ። ለመንኩት። የለም አለኝ።

ለሦስት ሳምንት ያንን ሁሉ ስንከባለል የከረምኩት ለአንዲት ቅዳሜ ነበር።

እያነከስኩ ስወጣ እትዬ ስንዱ ብድግ አሉ። «ምን አለሽ?»

«ግራው ድኗል።»

እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቀኙ ግን ተጎድቷል።»

አፋቸውን ዘጉ። ዝቅ ብለው ግራውን አዩ። ቀኙን አዩ። ጥቂት አሰቡና፣ ጥርጥር በሌለው ድምፅ፣ «ተሻግሯል» አሉ። «ነገ እንመለሳለን።»

ናቲ በዚያው ቅጽበት አንገቱን በበሩ አሾልኮ «ሊዱ፣ ነገ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትረሺ!» አለ።

እትዬ ስንዱ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ባለሙያ ያልሽው ይህ ነው? ምነው፣ ደህና ልጅ ነው እንጂ!»

አሁን ቀኝ እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍላችሁ። ባልዲውን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። ከግድግዳው ማዶ ሲያስነጥሱ ይሰማኛል። ነገ በማለዳ እንደሚያንኳኩም አውቃለሁ። አልሄድም ብል ቁጭ ብለው ሊያድሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ካወቅኩ በኋላ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። እሄዳለሁ መሰለኝ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አባ ያሉት «ስድስታችሁም ውጡ» ነው። እስካሁን አንዷ ወጥታለች።

የቡድኔ ልጆች፣ ቁርጭምጭሚታችሁ እንዴት ነው?