አፍም ጆሮም የነበረው ሳጥን

ሰው ጠባቂ አይጥመኝም። ከብት ጠባቂ አከብራለሁ፤ ማሳ ጠባቂም አከብራለሁ። ዝንጀሮ ሲያባርር የሚውል ሰው ቢያንስ ምን እንደሚያባርር ያውቃል። ሰው የሚጠብቅን ሰው ግን «ምን እየጠበቅህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል፤ ግራ ሲገባው ደግሞ እናንተኑ ይጠረጥራችኋል። ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ካሜራ ስላስተከለ ነው። አንዱ በሩን ያያል፣ አንዱ ጓሮውን ያያል፣ አንዱ ደግሞ ምን በድዬው እንደሆነ ባላውቅም የእኔን በር ያያል። ገመዱን ሲዘረጉ ቆሜ ሳይ ቆየሁና «መብራቱስ በየት ነው የሚገባው?» አልኋቸው። አንደኛው ሠራተኛ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ ለሽማግሌ በሚነገርበት በዚያ በሚንቀራፈፍ ድምፅ፣ «አባባ፣ ይሄ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ ኃይሉም ምስሉም በዚሁ በአንዱ ነው የሚሄደው» አለኝ። እንድደነቅለት ፈልጎ ነበር። አልተደነቅሁለትም።

እኛ ነቀምቴዎች ይህን ጥበብ በደርግ ጊዜ አይተን ጨርሰነዋል። ያውም የእኛው ገመድ ይናገር ነበር።

ያኔ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ መምህር ነበርሁ። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ያልሁት ሰውዬ ይኸው እዚሁ አርጅቻለሁ። የምኖረው ባኬ ጃማ ሰፈር በኩል ነው፤ የቀበሌውን ቁጥር አልነግራችሁም፣ ሰዎቹ ልጅና የልጅ ልጅ አሏቸው። ሊቀመንበራችን ጓድ ፍቃዱ ይባላል። ክፉ ሰው ነበር ብላችሁ ብታልፉት ይቀላችኋል፤ እኔ ግን ለክፋትም ቢሆን ጭንቅላት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ጓድ ፍቃዱ የነበረው ካፖርት ነው። ካፖርቱን ለብሶ ሲሄድ መንገዱ ይለቀቅለታል፤ ካፖርቱን ሲያወልቅ ግን ሚስቱም አትሰማውም ይባል ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ስብሰባ ሲመለስ «ሰፊው ሕዝብ በየሱቁ በር ላይ ምን እንደሚያወራ ማወቅ አለብን» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሰፊው ሕዝብ የሚያወራው ስለ ስኳር እጦት ነው፤ ይህን ለማወቅ ሽቦ አያስፈልግም፤ ስኳር ፈልጎ መውጣት ይበቃል። እሱ ግን ከየት እንዳገኘው ፈጣሪ ይወቀው፣ አሮጌ የወታደር ስልክ ሽቦና አንድ የእንጨት ሳጥን አስመጣ። ሽቦው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተነስቶ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ እየተንጠለጠለ ሰው ሁሉ ወደሚገዛበት ወደ ሽኩር ሱቅ ተዘረጋ። ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥቶ የከተመ ነጋዴ ነው። ሳጥኑ ከሱቁ በር በላይ፣ ከክዳኑ ቆርቆሮ ሥር ተመታ።

መፈክር አርምላቸው ዘንድ ተጠርቼ ስለነበር ባለሙያው ሲያስረዳቸው ሰማሁ። «ሳጥኑ አፍም ጆሮም ነው» አላቸው። «ይህን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ካደረጋችሁት እናንተ ትናገራላችሁ፣ ሱቁ በር ላይ ይሰማል። ወደ ግራ ካደረጋችሁት ሱቁ በር ላይ የሚወራውን እናንተ ትሰማላችሁ። በአንድ ጊዜ ግን ሁለቱም አይሆንም።»

«እኛ ስንናገር ሕዝቡ ሊመልስልን አይችልም ማለት ነው?» አለ ጓድ ፍቃዱ።

«አይችልም።»

«በጣም ጥሩ» አለ ጓድ ፍቃዱ።

ከዚያ ወዲያ የሽኩር ሱቅ በር ለቅሶ ቤት ሆነ። ሰው ጨውና ክብሪት በምልክት ይገዛ ጀመር። ይህ እንኳ ደግ ነው፤ እኔን ያሳፈረኝ ሌላው ነው። ወገኖቼ ሆን ብለው ከሳጥኑ ሥር ሄደው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ «ዘንድሮ እኮ ሁሉ ነገር ተትረፍርፏል!» ይሉ ነበር። ሽኩርም ሲፈራ ሲቸር «ስኳር ሞልቷል!» ብሎ ይጮኻል፤ ያንን ሰምቶ የገባ ሰው ስኳር ሲጠይቀው በጆሮው «የለም» ይለዋል። በገዛ ገንዘባችን ሳሙና ልንገዛ ሄደን ለሳጥን ስናሸረግድ እንውል ነበር።

አሁን ስለ መፈክሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ በእሱ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ሲሰበሰብ መጀመሪያ ማዞሪያው ወደ ቀኝ ይደረጋል፤ ሁሉም ተነስቶ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳና ሕዝቡ እንዲሰማ መፈክር ይጮኻል። ከዚያ የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ በቀለ ማዞሪያውን ይመልሰዋል፤ ምስጢሩ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ የጀመረው አንድ አባል እጁን ከሌሎቹ ቀድሞ አወረደ ተብሎ ሂስ ሲወርድበት ያመሸ ዕለት ነው። «ክንዱ የዛለ፣ ልቡም ዝሏል» ተባለ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ያውርድ? መፈክሩ ያልቃል፣ ክንዶቹ ግን እንደተሰቀሉ ይቆያሉ፤ ጎን ለጎን እየተያዩ፣ ላብ በላብ ሆነው። በመጨረሻ ጓድ ፍቃዱ ሲቀመጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ይዘረራል። በቀለ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ማዞሪያውን ለመንካት እጁን ማውረድ ነበረበት። ፈራ። ሲቀመጥ ደግሞ ክንዱን ሲያሽ ረሳው።

የረሳው ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለችው ዲጋ አዘንብላለች። እኔ ሳሙና ልገዛ ሽኩር ሱቅ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ጨው የሚያስመዝኑት አዴ ጫልቱ፣ በእኛ አፍ እማማ ጫልቱ፣ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በርበሬ ቸርችረው አንድ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት። ልጃቸው ገመቹ ተማሪዬ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሰው የሚበላበት ጊዜ ነው፤ የቀበሌው ወጣት አንድ ቀን እንደሚታፈስ ሁላችንም እናውቃለን፤ መቼና ማን እንደሆነ ግን አናውቅም። አዴ ጫልቱ በዚያ ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ልጃቸውን ከጆንያ ጀርባ ሲደብቁ ከርመዋል።

ሳጥኑ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብሎ አንባረቀ። እንደ ደንቡ እኛም እጃችንን አነሳን፤ ሽኩር የሚዛኑን ብረት እንደያዘ አነሳ። ከዚያ እንደወትሮው «ቀጭ» ብሎ ዝም ሊል ይገባው ነበር። ዝም አላለም። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ አንድ ሰው አሳለ፤ ከዚያም ጓድ ፍቃዱ በዚያ ቤቱ በሚያወራበት ድምፅ፣

«እሺ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ። ነገ ማለዳ ነው» አለ። «ኮታችን አልሞላም። ማን ማን ይሁን?»

«የእህቴ ልጅ ብቻ አይሁን፤ ልቡን ያመዋል» አለ አንዱ።

«የእኔም ወንድም እዚሁ ለአብዮቱ ያስፈልጋል» አለ ሌላው።

«የጫልቱ ልጅስ? ገመቹ?»

«እሱ ጥሩ ነው» አለ ጓድ ፍቃዱ። «አባት የለው፣ የሚጮህለት የለው። ከዚያ ቤት እንጀምር።»

አዴ ጫልቱ አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ያ በርሲሳ፣ ደጌሴ? መምህር፣ አንተም ሰማህ? ወይስ የኔ ጆሮ ነው?»

«ሰምቻለሁ አዴ ጫልቱ። እውነት ነው።»

ሽኩር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዓይኑ ሳጥኑን ያሳየናል። «ሳጥኑ ሲናገር አይሰማም» ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ ይልቅ በድንጋጤ «ስኳር ሞልቷል!» ብሎ ጮኸ። አዴ ጫልቱ ጨዋቸውን ትተው መንገድ ጀምረው ነበር። ሽኩር ባንኮኒውን ዘልሎ ተከተላቸውና ጨዉን እጃቸው ላይ አደረገ። «ይያዙት፤ ለመንገዱ ይሆነዋል» አላቸው በሹክሹክታ። ያን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እወደዋለሁ።

ገመቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ የጨዉን ቋጠሮ ይዞ ከገበያ ከሚመለሱ የዲጋ ሰዎች ጋር ወደ አጎቱ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። በማለዳ አብዮት ጠባቂዎቹ የአዴ ጫልቱን በር ሲደበድቡ አሮጊት ድመትና አንዲት ሴት አገኙ። በሌላውም ቤት እንደዚያው። አልጋው ላይ ተኝቶ የተገኘ ወጣት ቢኖር ያ ልቡን ያመዋል የተባለው ብቻ ነው፤ አጎቱን አምኖ ለጥ ብሎ ተኝቷል። መኪና ላይ ወጣ። በስንት አማላጅ እንዳስወረዱት አትጠይቁኝ። «የሚጮህለት የለም» ያሉት ልጅ ግን ራሳቸው በድምፅ ማጉያ ጮኸውለት ዲጋ ገብቷል።

ሊቀመንበሩ ሽቦውን ጠረጠረ ብላችሁ ካሰባችሁ ጓድ ፍቃዱን አላወቃችሁትም። «በመካከላችን ሰርጎ ገብ አለ!» አለ። እንግዲህ እያንዳንዱ አባል ሰርጎ ገብ አለመሆኑን በምን ያሳይ? በመፈክር። መፈክሩ ረዘመ፣ ክንዱም ከበፊቱ ይበልጥ ሳይወርድ ይቆይ ጀመር፤ ሕዝቡም ታማኝነታቸውን እንዲሰማ ሳጥኑ ወለል ብሎ ይከፈታል። ጮኸው ሲጨርሱ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ክንዳቸው ደንዝዞ ይወድቃሉ፤ ማዞሪያውን የሚያስታውስ የለም። ምስጢር በወጣ ቁጥር መፈክሩ ይረዝማል፣ መፈክሩ በረዘመ ቁጥር ምስጢር ይወጣል። እንዲህ ያለ ስህተት ለመሥራት መጀመሪያ እርስ በርስ እንደዚያ መፈራራት ያስፈልጋል።

እኛም ሽቦዋን ወደድናት። በፊት በጨለማ ሊቆርጣት የሚመኝ ሰው ሁሉ ጠባቂዋ ሆነ። የማገዶ ጭነት በጥሷት እንደሆነ ሳይመሽ ትቀጠላለች። ክረምት ሲገባ አዴ ጫልቱ መሰላል ተውሰው ሳጥኑን በላስቲክ ሸፈኑት፤ የነቀምቴ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። ጓድ ፍቃዱ ይህን አይቶ ልቡ ተነካ። «ሕዝቡ የአብዮቱን ጆሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል» ብሎ ለበላዮቹ አሳወቀ። እንግዶች መጡ፣ ዳስ ተጣለ፣ አዴ ጫልቱም «ጓድ ጫልቱ» ተብለው መድረክ ላይ ተጠሩና አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸለሙ።

ተናገሩ ተባሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ምን ሊሉ ነው ብዬ አንገቴን አሰገግሁ። እሳቸው ሳሙናውን እንዳቀፉ ሳጥኑን በአገጫቸው አሳዩ።

«የኔ ልጅ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚህ ሽቦ ነው» አሉ። «ዋቀዮ ያቆየው። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የፈጣሪን ስም መድረክ ላይ ማንሳት ያስቀጣል። ያን ቀን ግን ጓድ ፍቃዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቀድሞ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። በዚያ ዘመን እጄ እስኪቃጠል ስንት ጊዜ አጨብጭቤያለሁ፤ ከልቤ ያጨበጨብሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁሉም አለፈ። ካፖርቱም አለፈ፣ ሳጥኑም አንድ ቀን ወርዶ የት እንደገባ አይታወቅም። ለካስ ካሜራ ያስተከለው ጎረቤቴ ማን እንደሆነ አልነገርኋችሁም። ገመቹ ነው። ደርግ ሲወድቅ ከዲጋ ተመልሶ ቡና ነገደ፣ አጠገቤ ቤት ሠራ፣ ጸጉሩም እንደ እኔ ሸበተ። በሽቦ የተረፈ ልጅ ዛሬ በሽቦ የእኔን በር ይጠብቃል። «ሌባ በዝቷል መምህር» ይለኛል። እኔ የሚሰረቅ ነገር ስለሌለኝ ሌባው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ተውሁት።

ትናንት ማለዳ ስወጣ እናቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ካሜራው ሥር ቆመዋል። አንጋጠው ያዩታል።

«አከም ቡልተን፣ አዴ ጫልቱ?» አልኋቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው» አሉኝ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ።

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«እስኪናገር።»

«አይናገርም እኮ። ይሄኛው ማየት ብቻ ነው።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዞሩ። ከዚያም ያኔ ሱቁ በር ላይ ባዩኝ ዓይን አዩኝ። «ታዲያ ነገ ማለዳ የሚመጡ ከሆነ» አሉ፣ «ማን ሊነግረን ነው?»

እኔም አንጋጠጥሁ። ካሜራው ሁለታችንንም ዝም ብሎ ያየናል።